የለስላሳ ፍጡራን ቅሪተ አካል

የለስላሳ ፍጡራን ቅሪተ አካል የሚባለው እንደ ትልና ጄሊፊሽ ያሉ አጥንትም ዛጎልም የሌላቸው ፍጡራን፣ እንዲሁም የሌሎች እንስሳት ቆዳ፣ ጡንቻና አንጀት በድንጋይ ውስጥ ተጠብቆ ሲገኝ ነው። እጅግ ብርቅ ነው። አጥንትና ዛጎል ቀድሞውንም ከማዕድን የተሠሩ በመሆናቸው ድንጋይ ለመሆን ብዙ አይቀራቸውም፤ ሥጋ ግን አውሬና ዓሣ ባይደርስበት እንኳ ባክቴሪያ ይጨርሰዋል። ስለዚህ የጥንቱ ባሕር ታሪክ ለረጅም ጊዜ የዛጎል ታሪክ ብቻ መስሎ ኖሯል።

ፍጡር ከሞተበት ሰዓት ጀምሮ እስከሚቆፈርበት ቀን የሚደርስበትን ሁሉ የሚያጠናው ዘርፍ ታፎኖሚ ይባላል። ስሙን እ.ኤ.አ. በ1940 ያወጣለት ሶቪየታዊው ኢቫን የፍሬሞቭ ሲሆን፣ ሰውየው በሳይንስ ልብ ወለዶቹም ይታወቃል።

ኦክስጅን የሌለበት ጭቃ ሬሳን ከመበስበስ ያድናል የሚል እምነት ተስፋፍቶ ነበር። ግማሽ እውነት ነው። እነ ዴሪክ ብሪግስ በቤተ ሙከራ የሞተ ሽሪምፕ ኦክስጅን በሌለበት ውሃ ውስጥ አስቀምጠው ሲከታተሉ፣ ሥጋው በሳምንታት ውስጥ ፈራርሷል፤ ያለ ኦክስጅን የሚኖሩ ባክቴሪያዎችም መብላታቸውን አይተዉምና። የኦክስጅን እጦት በተለይ የሚጠቅመው ጥንብ በሊታዎችንና ጭቃ የሚቆፍሩ ትሎችን በማራቅ ነው። ቋንጣ የሚሰቅል ሰው ባክቴሪያን የሚያሸንፈው ውሃ በማሳጣት ነው፤ በባሕር ወለል ላይ ግን እንዲህ ያለ መላ የለም። እዚያ ሥጋውን የሚያተርፈው መበስበሱ ከማለቁ በፊት የሚደርስለት ማዕድን ነው።

የሚገርመው፣ ማዕድኑን የሚጠራው ብዙ ጊዜ ያው የሚያበሰብሰው ባክቴሪያ መሆኑ ነው። ሬሳው ሲበሰብስ በዙሪያው ያለው ውሃ አሲድነቱ ይጨምራል፤ በዚህ ጊዜ ካልሲየም ከካርቦኔት ጋር መጣበቁን ትቶ ከፎስፌት ጋር ይጣበቃል፣ በሥጋው ላይም ይጋገራል። በብራዚል የሳንታና ድንጋዮች ውስጥ የሚገኙት ዓሦች የጡንቻቸው ጭረት ሳይቀር በማይክሮስኮፕ የሚታየው በዚህ መንገድ ስለተጠበቁ ነው። እነሱን ያጠናው ዴቪድ ማርቲል ሂደቱ የተጀመረው ዓሣው በሞተ በሰዓታት ውስጥ ነው ብሏል። ሌሎች ባክቴሪያዎች ሰልፌት ሲጠቀሙ ሰልፋይድ ያመነጫሉ፤ ጭቃው ብረት ካለው ሁለቱ ተገናኝተው ወርቅ መሳዩን ፒራይት ይሠራሉ። በኒው ዮርክ ግዛት እግራቸውና አንቴናቸው በፒራይት የተለበጠ ትራይሎባይት የተባሉ የጥንት ባሕር እንስሳት ተገኝተዋል። በኢሊኖይ ግዛት ሜዞን ክሪክ ደግሞ የብረት ካርቦኔት በሬሳው ዙሪያ ድቡልቡል ድንጋይ ሆኖ ይረጋል። ፍራንሲስ ታሊ የተባለ ቅሪተ አካል ሰብሳቢ በ1950ዎቹ ከዚያ ያገኘው እንግዳ እንስሳ፣ የጀርባ አጥንት ካላቸው ወገን ይሁን አይሁን እስከ ዛሬ ያከራክራል።

ከሁሉ የታወቀው ሥፍራ ግን በካናዳ የብሪቲሽ ኮሎምቢያ ተራሮች ላይ ያለው በርጀስ ሼል ነው። ቻርልስ ዋልኮት እ.ኤ.አ. በ1909 ደረሰበት፤ እስከ 1924 ድረስም እየተመላለሰ ከ65,000 በላይ ናሙና ሰበሰበ። ከ508 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት በባሕር ውስጥ የተናደ ጭቃ እንስሳቱን በድንገት ቀብሯቸዋል። የተረፈው በጥቁር ድንጋይ ላይ የተለጠፈ ስስ የካርቦን ቆዳ ነው፤ ድንጋዩን ወደ ብርሃን ዘንበል ሲያደርጉት ብልጭ ይላል፣ ሲያቃኑት ይጠፋል። ይህ ስስ ቆዳ ለምን ሳይበሰብስ እንደቀረ፣ በተለይም የሸክላ ማዕድናት ድርሻ ምን ያህል እንደሆነ፣ ምሁራን ገና አልተስማሙም።

እንዲህ ያለ ቅሪት ለማንበብ ቀላል አይደለም፤ የሃሉሲጄንያ ታሪክ ይመስክር። ጥቂት ሴንቲሜትር ርዝመት ያለውን ይህን ትል መሳይ እንስሳ ሳይመን ኮንዌይ ሞሪስ በ1977 ሲገልጸው በረድፍ የቆሙትን እሾኾች እግር አድርጓቸው ነበር። በ1991 ከቻይና በተገኙ ዘመዶቹ እየተረዱ ላርስ ራምስኮልድና ሁ ሺያንጓንግ ገለበጡት፤ እሾኹ የጀርባ መከላከያ፣ ከጀርባው በላይ የተሣሉት ለስላሳ ቀጫጭን አካሎች ደግሞ እግር ሆኑ። ይህም አልበቃም። በአንድ ጫፉ ያለው ጥቁር ድቡልቡል ለዓመታት ራስ ነው ሲባል ኖሮ፣ በ2015 ማርቲን ስሚዝና ዣን በርናር ካሮን በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ሲመረምሩት፣ እንስሳው ሲጨፈለቅ ከበስተኋላው የወጣ የሆድ ዕቃ ፈሳሽ ሆኖ ተገኘ። እውነተኛው ራስ፣ ሁለት ዓይኖች ይዞ፣ በሌላኛው ጫፍ ነበር።

መበስበስ ከማጥፋቱም በላይ ያሳስታል። በእንግሊዝ የሌስተር ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2010 ባሳተሙት ጥናት አምፊኦክሰስና ላምፕሬይ የተባሉ ዓሣ መሳይ እንስሳትን (የኋለኛውን ግልገሎች) እያበሰበሱ ሲከታተሉ፣ ቀድመው የሚጠፉት በዝግመተ ለውጥ ዘግይተው የመጡት ምልክቶች መሆናቸውን አይተዋል። ስለዚህ የበሰበሰ እንስሳ ከነበረበት ይልቅ ጥንታዊና ኋላ ቀር መስሎ ይታያል። በእኔ ግምት ከዘርፉ ሥራዎች ሁሉ የድሮ ምደባዎችን በጥርጣሬ እንድናይ ያስገደደን ይህ ነው።

ከጭቃና ከማዕድን ሌላ የዛፍ ሙጫ አለ። ነፍሳት ተጣብቀውበት ሙጫው በዘመን ብዛት ሲደነድን አምበር ይሆናል። ኢትዮጵያም በሰሜን ሸዋ፣ በዓለም ከተማ አካባቢ፣ ጉንዳንና ሸረሪት የያዘ አምበር አላት። በ2010 ለዓለም ሲገለጽ 95 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ዕድሜ ተሰጥቶት ነበር፤ በኋላ በተደረገ ምርመራ ግን ከ16 እስከ 23 ሚሊዮን ዓመት ወደሚሆን ዕድሜ ዝቅ ብሏል። ይህ ሙጫ እንኳ መበስበስን ሙሉ በሙሉ አያግድም፤ ከውጭ ሲያዩዋት ዛሬ የሞተች የምትመስል የአምበር ነፍሳት ብዙ ጊዜ ቅርፊቷ ብቻ ቀርቶ ውስጧ ባዶ ነው። በ1990ዎቹ ከሚሊዮን ዓመታት አምበር ዲኤንኤ ወጣ ተብሎ የታተመውም በሌሎች ቤተ ሙከራዎች ሲደገም ውጤት አልሰጠም።