ከመጋ ቆንስላ እስከ ዘጠነኛ ክፍል፦ እንግሊዝኛ በቦረናና በደቡብ ቆላ ከተሞች



የዛሬው ንግግሬ በአንድ ጥያቄ ላይ ያጠነጥናል። በነጌሌ ቦረና፣ በያቤሎ፣ በመጋ ወይም በሞያሌ የሚያድግ ልጅ ወደ ከፍተኛ ትምህርት ለመዝለቅ እንግሊዝኛን መሻገር ግድ የሆነበት እንዴት ነው? መሻገሪያውስ ለምን ጠበበበት?

በዚህ ቆላ እንግሊዝኛ ከትምህርት ቤት ቀድሞ የገባው በቆንስላ በር ነው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ዘመን እንግሊዞች በመጋ ቆንስላ ነበራቸው። ቆንስሉ አርኖልድ ሆድሰን ከባልደረባው ከክሬቨን ዎከር ጋር የአፋን ኦሮሞ ሰዋስው አዘጋጅቶ በ1922 እ.ኤ.አ. አሳተመ። ያኔ ቋንቋ የመማር ሸክም የወደቀው በእንግዳው ላይ እንደነበር ልብ በሉልኝ። ከአንድ ትውልድ በኋላ ሸክሙ ወደ አገሬው ልጅ ዞረ።

የዞረበትም ምክንያት ግልጽ ነው። ከጣሊያን ወረራ በፊት በመዲናይቱ ትምህርት ቤቶች የበላይነት የነበረው ፈረንሳይኛ ነበር፤ ከ1933 ዓ.ም. ድል በኋላ ግን እንግሊዝኛ ቦታውን ያዘ። በ1943 ዓ.ም. የተከፈተው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የሚያስተምረው በእንግሊዝኛ ነበርና፣ ከፍተኛ ትምህርት የሚሻ ሁሉ ቋንቋውን ይዞ መቅረብ ነበረበት። በ1950ዎቹ አማርኛ የአንደኛ ደረጃ ማስተማሪያ ሲሆን፣ እንግሊዝኛ ከሰባተኛ ክፍል ጀምሮ ተተካ። በ1955 ዓ.ም. መባቻ የመጡት የአሜሪካ የሰላም ጓድ መምህራንም በየክፍለ ሀገሩ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ተመደቡ። የቦረናው ልጅ እንግዲህ ሁለት ወንዝ ይሻገር ነበር፤ በቤቱ የማይነገረውን አማርኛ፣ ቀጥሎም በገበያው የማይሰማውን እንግሊዝኛ።

የ1986 ዓ.ም. የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የመጀመሪያውን ወንዝ አነሳለት። በኦሮሚያ እስከ ስምንተኛ ክፍል በአፋን ኦሮሞ፣ በሶማሌ ክልል በሶማሊኛ መማር ተቻለ። እንግሊዝኛ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ እንደ አንድ ትምህርት ይሰጣል፤ ዘጠነኛ ክፍል ላይ ግን ፊዚክሱም ታሪኩም በአንድ ጊዜ በእርሱ ይሆናል። መሻገሪያው ከሰባተኛ ወደ ዘጠነኛ ክፍል ተዛወረ እንጂ አልቀረም።

እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የሚዘነጋ አንድ ነገር አለ። የቁቤና የእንግሊዝኛ ፊደላት መልካቸው አንድ ስለሆነ ልጁ እንግሊዝኛ ይቀለዋል ይባላል። ይሁን እንጂ እንግሊዞች «ሲ» የሚሏት ፊደል በቁቤ «ጭ»ን፣ «ኤክስ» የሚሏት ደግሞ «ጥ»ን ትወክላለች። በሶማሊኛ አጻጻፍ እነዚሁ ፊደላት «ዐ» እና «ሐ» ናቸው። በሞያሌ በአንድ ጎዳና ላይ የሚኖሩ ሁለት ልጆች አንዷን ፊደል በተለያየ ድምፅ ያነባሉ፤ የእንግሊዝኛው ሦስተኛ ይሆንባቸዋል። ከድንበሩ ማዶ ደግሞ፣ ያንኑ የቦረና ቋንቋ የሚናገረው የኬንያ ልጅ ገና በአንደኛ ደረጃ ሳለ በእንግሊዝኛ ይማራል።

የጉዳዩን ክብደት የብሔራዊ ፈተናው ውጤት ያሳያል። በ2014 ዓ.ም. የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተፈታኞች መካከል 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ለዚህ ምክንያቱ ብዙ ነው፤ ቋንቋን ብቻ መክሰስ አይገባም። ነገር ግን የሒሳብ ጥያቄም ቢሆን የሚነበበው በእንግሊዝኛ ስለሆነ፣ ቋንቋው ያልገባው ተማሪ የሚያውቀውን እንኳ ማሳየት አይችልም።

አንዳንዶች ጥፋቱን በአፍ መፍቻ ቋንቋ ትምህርት ላይ ይጭናሉ። እኔ በዚህ አልስማማም። አማርኛ ማስተማሪያ በነበረበት ዘመንም ድንገተኛው ሽግግር ነበር፤ የዚያን ጊዜ ግን ሁለተኛ ደረጃ የሚደርሰው ጥቂት ስለነበር ችግሩ አልጎላም። ታሪኩ የሚያስተምረን የመሻገሪያውን ክፍል ስናቀያይር መቆየታችንን፣ ድልድዩን ግን አለመሥራታችንን ነው። ድልድዩም ይታወቃል፦ በሰባተኛና በስምንተኛ ክፍል የሳይንስ ቃላትን በሁለቱም ቋንቋ ጎን ለጎን ማስተማር፣ የፊደላቱን የድምፅ ልዩነት በግልጽ ማሳየት፣ መምህሩንም አስቀድሞ በቋንቋው ማብቃት። ዛሬ በያቤሎና በቡሌ ሆራ ዩኒቨርሲቲዎች አሉ። የአካባቢው ልጅ በደጁ ወዳለው ዩኒቨርሲቲ እንዳይገባ ቋንቋ ከከለከለው፣ የተቋማቱ መቅረብ ብቻውን ርቀቱን አላሳጠረለትም።