መሣሪያው ያየው፣ አለቆቹ ያልሰሙት

እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 28 ቀን 1986 ንጋት ላይ ፍሎሪዳ ያልለመደችው ብርድ ወርዶባት ነበር። ቧንቧዎቹ በብርዱ እንዳይፈነዱ ውሃው ሲንጠባጠብ እንዲያድር በመደረጉ የቻሌንጀር መንኮራኩር ማስወንጨፊያ ማማ በረዶ ጋግሮበት ነጋ።

ናሳ ለዚህ ጉዳይ የተመደበ የበረዶ ቡድን ነበረው። የመንኮራኩሯ ትልቁ ታንክ የሚይዘው ፈሳሽ ሃይድሮጂን ከዜሮ በታች 253 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይቀዘቅዛል። በታንኩ ላይ የጋገረ በረዶ በመነሻው ሰዓት ተሰብሮ ከወደቀ የመንኮራኩሯን የሙቀት መከላከያ ጡቦች ሊጎዳ ይችላል። ስለዚህ ቡድኑ በዓይን ከማየት አልፎ በኢንፍራሬድ መለኪያ ይፈትሻል። መሣሪያው ከአካላት የሚወጣውን፣ ዓይን የማያየውን ጨረር አንብቦ ሳይነካ ሙቀታቸውን ይናገራል።

በዚያ ጠዋት መሣሪያው የግራውን ሮኬት ከዜሮ በታች 4፣ የቀኙን የታችኛ ክፍል ደግሞ ከዜሮ በታች 13 ዲግሪ ገደማ አሳየ። የማስወንጨፊያው ደንብ ስለ ሮኬቶቹ የገጽ ሙቀት የሚለው ነገር ስላልነበረ ቁጥሩ ውሳኔ ሰጪዎች ዘንድ አልደረሰም።

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነውና ወደ ዋዜማው እንመለስ። የሮኬቱ አምራች የቲዮኮል መሐንዲሶች የመጋጠሚያዎቹ የጎማ ቀለበቶች በብርድ ይደርቃሉ፣ ከ12 ዲግሪ በታች አይወንጨፍ ብለው ተሟግተው ነበር። ናሳ ሲጫናቸው የኩባንያው አለቆች ሐሳባቸውን ለወጡ። የመሐንዲሶቹ ስጋትና የመለኪያው ቁጥር አንድ ጠረጴዛ ላይ ሳይገናኙ ቀሩ።

ከረፋዱ 5፡38 ላይ ቻሌንጀር ተነሳች። በ73ኛው ሰከንድ ሰባት ሰዎችን እንደያዘች ተበታተነች። እሳቱ ያፈተለከው ከቀኙ ሮኬት የታችኛ መጋጠሚያ ነበር።

አጣሪው ኮሚሽን በኋላ ባሰላው መሠረት የዚያ መጋጠሚያ ሙቀት ከዜሮ በታች 2 ዲግሪ ገደማ ነበር። መሣሪያው አጋንኖ ሊሆን ይችላል፤ ብርዱ የበረታበትን ወገን ግን አልሳተም። እ.ኤ.አ. በ1988 በረራው ሲቀጥል መጋጠሚያዎቹ እንደ አዲስ ተሠርተው ማሞቂያ ተገጥሞላቸው ነበር።

መሥሪያ ቤት መሣሪያ ሲገዛ አብሮ መመለስ ያለበት ጥያቄ አለ፦ ያልተጠበቀ ቁጥር ቢመጣ ለማን ይነገራል? ያ ሰውስ «ይቁም» የማለት ሥልጣን አለው?