በብር ላይ የተጻፈ ስም



ባለፈው ዓመት የአባላት መዝገባችንን ለማደስ በየእሑዱ ከስብሰባ በኋላ ጥቂቶቻችን እየቀረን ስንሠራ፣ አንድ ነገር ከሥራችን አቆመን። በአሮጌው መዝገብ ውስጥ ወንዶቹ አባላት ከነአባታቸውና ከነአያታቸው ስም ሰፍረዋል። ብዙዎቹ እናቶች ግን «የአቶ እገሌ ባለቤት» ወይም «የእገሌ እናት» ተብለው ነው የተጻፉት። ከእነዚህ መካከል ዐሥራ አንዱ ዛሬ በሕይወት የሉም። ድንኳን ተክለን፣ ንፍሮ ቀቅለን፣ ተሸክመን ቀብረናቸዋል። ጡሩምባ ነፊያችንም ሲለፍፍ የጠራው የልጃቸውን ስም ነበር። የራሳቸውን ስም ከመዝገባችን ብንፈልግ አጣነው።

በዚሁ ስንነጋገር ከመካከላችን አንዱ የእንግሊዞችን የጦር ሜዳይ ታሪክ አነሣ። ነገሩ መጀመሪያ ላይ ከእኛ ጉዳይ የራቀ መስሎን ነበር። ለካ አልራቀም። «እንግሊዞች ምን አገባን?» የሚል አባል ቢኖር መቅደላ እስክንደርስ ይታገሠን። ዓመተ ምሕረቱን የምንጽፈው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ሲሆን፣ የመቅደላውን ግን በእኛም እንጨምራለን።

በመጀመሪያ ኒሻንና የዘመቻ ሜዳይ አንድ እንዳልሆኑ መታወቅ አለበት። ኒሻን ተለይቶ ለሠራ ሰው የሚሰጥ ነው። የዘመቻ ሜዳይ ግን «በዚህ ጦርነት ነበርኩ» ማለት ነው፤ ጀግና ቢሆንም ወጥ ቤት ቢሆንም ከዘመተ ያገኛል። ታዲያ በእንግሊዝ አገር ለብዙ ዘመን ተራው ወታደር ይህንንም አያገኝም ነበር። የወርቅ ሜዳይ ለጄኔራሉ፣ ለአድሚራሉና ለመርከብ አዛዡ ይሰጣል፤ መድፍ የገፋው ሰው ግን ደመወዙን ይቀበላል፣ አበቃ።

ትራፋልጋር ላይ የሆነውን እንመልከት። በ1805 ጥቅምት 21 ቀን አድሚራል ኔልሰን የፈረንሳይንና የስፔንን መርከቦች በአንድነት ሲመታ፣ ከ17,000 በላይ ሰዎች በእንግሊዝ መርከቦች ላይ ነበሩ። ከ400 በላይ ሞቱ፣ ኔልሰንም ራሱ ሞተ። ለአዛዦቹ የወርቅ ሜዳይ ወጣ። ለተራው መርከበኛ መንግሥት ምንም አላዘጋጀም። በበርሚንግሃም ከተማ ፋብሪካ የነበረው ማቲው ቦልተን የተባለ ሰው ይህን አይቶ በገዛ ኪሱ ሜዳይ አሠርቶ አደለ። ሐሳቡ ደግ ነበር፤ ነገር ግን ለተራው መርከበኛ የደረሰው ከቆርቆሮ ቅልቅል የተሠራው ነበርና፣ ተናድደው ወደ ባሕር የወረወሩትም አሉ ይባላል።

ነገሩ የተለወጠው ከዐሥር ዓመት በኋላ ነው። በ1815 ሰኔ 18 ቀን ናፖሊዮን ዋተርሎ ላይ ድል ሲሆን፣ የእንግሊዝ መንግሥት ለመጀመሪያ ጊዜ ከጄኔራል እስከ ተራ ወታደር ለሁሉም አንድ ዓይነት የብር ሜዳይ እንዲሰጥ ወሰነ። 39,000 ያህል ተሠራ። ከሁሉ የሚገርመው በእያንዳንዱ ጠርዝ ላይ የባለቤቱ ስምና የክፍሉ ስም በማኅተም ተመታበት። ከሞቱትም የብዙዎቹ ሜዳይ ለቤተሰባቸው ደረሰ። ዛሬም ያንን ብር በእጁ የያዘ ሰው ጠርዙን ቢያዞረው የአንድ ገበሬ ልጅ ስም ያነባል።

ሆኖም ይህ ሌላ ቅሬታ አመጣ። ከዋተርሎ በፊት በስፔንና በፖርቱጋል ለዓመታት የተዋጉት «እኛስ?» አሉ። መልስ ያገኙት በ1847 ነው! ያን ዓመት ለምድር ጦሩ አንድ፣ ለባሕር ኃይሉ አንድ ሜዳይ ታወጀ፤ የባሕር ኃይሉ ከ1793 ጀምሮ ያሉትን ውጊያዎች የሚያጠቃልል ነበር። ማግኘት የሚችለው ግን እስከዚያ ቀን በሕይወት የቆየና ራሱ ያመለከተ ብቻ ነው። በትራፋልጋር ከነበሩት ከ17,000 በላይ ሰዎች መካከል ይህን ሜዳይ የወሰዱት ሁለት ሺህ አይሞሉም። የቀሩት በ42 ዓመት ውስጥ ሞተዋል፣ ወይም አዋጁ አልደረሳቸውም። ለሟች ወራሽ አይሰጥም ተባለ። እድር ያለው ሰው ይህን ሲሰማ ምን እንደሚል እናውቃለን።

እዚህ ላይ ስለ ሴቶቹ ሳናነሣ አናልፍም። በዚያ ዘመን በጦር መርከብ ላይ የአንዳንድ ባሕርተኞች ሚስቶች አብረው ይሄዱ ነበር። ውጊያ ሲሆን ባሩድ ያቀብላሉ፣ ቁስለኛ ይይዛሉ። ጄን ታውንሼንድ የተባለች ሴት በትራፋልጋር ዲፋያንስ በተባለችው መርከብ ላይ ነበረች፤ ሜዳዩ ሲታወጅ አመለከተች። በ1798 በናይል ወንዝ አፍ አጠገብ በተደረገው ውጊያ የነበሩ አን ሆፒንግና ሜሪ አን ራይሊም እንደዚሁ አመለከቱ። መርማሪዎቹ መጀመሪያ አዋጁ ወንድ ወይም ሴት ብሎ አይለይም ብለው የጄንን ማመልከቻ ሊቀበሉ ነበር። ኋላ ግን ለእነዚህ ከሰጠን ሌሎችም ይመጡብናል ብለው ከለከሉ። ዙፋኑ ላይ የነበረችውም ንግሥት ቪክቶሪያ፣ ሴት ነበረች። በዚያው መዝገብ ላይ ደግሞ በ1794 በውጊያ መካከል ትሬመንደስ በተባለችው መርከብ ላይ የተወለደ ዳንኤል ማኬንዚ የሚባል ሰው ሜዳዩን አግኝቷል። ከማዕርጉ ቦታ ላይ የተጻፈው «ሕፃን» የሚል ነው። የተወለደው ተሸለመ፣ እናቶቹ ቀሩ። ይህን ስናነብ ስቀን ነበር፤ ኋላ የራሳችን መዝገብ ትዝ ሲለን ሳቁ ቀረ።

አሁን ወደ መቅደላ እንምጣ።

የዘመቻው መነሻ ለአብዛኛው አንባቢ የታወቀ ስለሆነ በአጭሩ እናልፈዋለን። ዐፄ ቴዎድሮስ በ1862 ለንግሥት ቪክቶሪያ የላኩት ደብዳቤ መልስ በማጣቱ ተቆጥተው የእንግሊዙን ቆንስልና ሌሎች አውሮፓውያንን አሰሩ። በዚህም ምክንያት ጄኔራል ሮበርት ናፒየር 13,000 ያህል የእንግሊዝና የሕንድ ወታደር ይዞ በዙላ በኩል ገባ። ጓዝ ተሸካሚውና ሠራተኛው ከወታደሩ በቁጥር ይበልጥ ነበር፤ ከሕንድ በመርከብ የመጡ 44 ዝሆኖችም ነበሩ። ወጪው በመጀመሪያ 2 ሚሊዮን ፓውንድ ይሆናል የተባለው ወደ 9 ሚሊዮን ተጠጋ።

የስቅለት ዕለት፣ ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም.፣ በአሮጌ ሜዳ ላይ ፊታውራሪ ገብርዬ የመሩት ጦር ከተራራው ወርዶ ገጠመ። የእንግሊዞቹ ጠመንጃ ከኋላ የሚጎርስና ቶሎ ቶሎ የሚተኩስ አዲስ መሣሪያ ነበር፤ ከመርከብ የወረዱ ባሕርተኞችም ሮኬት ይተኩሱ ነበር። እንግሊዞቹ ራሳቸው እንደ ገመቱት ከእኛ ወገን 700 ያህል ሞቱ፣ 1,200 ያህል ቆሰሉ። ገብርዬም እዚያው ወደቁ። ከእነሱ ወገን በቁስል የሞቱት 2 ናቸው። በፋሲካ ማግሥት ሰኞ፣ ሚያዝያ 6 ቀን፣ መቅደላ ተሰበረች፤ ንጉሡም እጄን አልሰጥም ብለው ንግሥቲቱ በሰላሙ ጊዜ በላከችላቸው ሽጉጥ ራሳቸውን ገደሉ።

በዚያ ሰኞ በበሩ አጠገብ ያለውን ግንብና የእሾህ አጥር ከዘለሉት መካከል የ33ኛው ሬጅመንት ተራ ወታደር ጄምስ በርጊንና ከበሮ መቺው ማይክል ማግነር ይገኛሉ። ሁለቱም የአየርላንድ ልጆች ናቸው። በርጊን ቁመተ ረጅም ነበርና ከበሮ መቺውን በጠመንጃው ሰደፍ ወደ ላይ ገፍቶ አወጣው ይባላል። ሁለቱም የእንግሊዝን ትልቁን የጀግንነት ሽልማት፣ ቪክቶሪያ ክሮስን አገኙ። ይህ ሽልማት በ1856 የቆመ ሲሆን የሚሠራው ከወርቅ ወይም ከብር ሳይሆን ከነሐስ ነው፤ ለመኮንኑም ለተራውም አንድ ነው። ስለ ጠላት ስንጽፍም እውነቱን መደበቅ አይገባም፤ አጥር መዝለሉ ድፍረት ይጠይቃል። ነገር ግን ከአጥሩ ወዲህ የነበሩት ቀድሞ ዓርብ ዕለት ያለቁት ወንድሞቻቸውን ገና ያልቀበሩ ሰዎች መሆናቸውም መጻፍ አለበት።

ለዘመቻው የተሰጠው ሜዳይ በ1869 ወጣ። ሁላችንም በፎቶግራፍ አየነው። ከብር የተሠራ ትንሽ ክብ ሲሆን በላዩ ላይ ዘውድ አለው። በመካከሉ ንግሥቲቱ ሻሽ ተከናንባ ትታያለች፤ በዙሪያዋ ዘጠኝ ጫፍ ያለው ኮከብ አለ፤ በጫፎቹም መካከል «አቢሲኒያ» የሚለው የአገራችን የድሮ ስም በእነሱ ፊደል አንድ በአንድ ተበትኗል። ፊደሎቹ ዘጠኝ ናቸው፣ ጫፎቹም ዘጠኝ። ሪባኑ ቀይ ሆኖ ዳርና ዳሩ ነጭ ነው። 14,000 ያህል ተሰጠ፤ ከነዚህ 2,000 የሚጠጉት ለባሕር ኃይል ሰዎች ናቸው።

ዋናው ነገር ያለው ከጀርባው ነው። በሌሎች ሜዳዮች ላይ ስም የሚጻፈው በጠርዙ ነው፤ እዚህ ላይ ግን የባለቤቱ ስምና ክፍሉ በአበባ ጉንጉን መካከል፣ ከብሩ ከፍ ብሎ በጎላ ፊደል ወጥቷል። ይህን ለማድረግ ለእያንዳንዱ ሰው ለብቻው ማኅተም መቅረጽ አስፈልጓል። ወጪው ከፍተኛ ስለነበረ ይህን አሠራር ለሌላ ዘመቻ አልደገሙትም። በአብዛኞቹ የሕንድ ወታደሮች ሜዳይ ላይ ግን ስሙ በተራ ማኅተም ተመትቶ ነው የተሰጠው። እዚያም ላይ ልዩነት አለ ማለት ነው።

አስቡት እንግዲህ። የአንድ እንግሊዛዊ ነጂ ስም በብር ላይ በጎላ ፊደል ቆሞ ከ150 ዓመት በላይ ሆነው። አሮጌ ላይ የወደቁት 700 ሰዎች ግን ከገብርዬና ከጥቂት መኳንንት በቀር በስማቸው የሚጠሩበት መዝገብ የለም። እናት ነበራቸው፣ ልቅሶም ተለቅሶላቸዋል፤ የደረሰን ግን ቁጥራቸው ብቻ ነው፣ እሱንም የቆጠረው ገዳያቸው ነው። ከመቅደላ የተዘረፈው ዘውድ፣ ጽዋና የብራና መጽሐፍ በ15 ዝሆኖችና ወደ 200 በሚጠጉ በቅሎዎች ተጭኖ በደላንታ ሜዳ ላይ ለሁለት ቀን በሐራጅ ተሸጠ፤ 5,000 ፓውንድ ያህል ተገኘና ለወታደሩ ተከፋፈለ። ብሩ ሜዳይ ከዚህ በላይ የመጣ ነው። የሰባት ዓመቱ ልዑል ዓለማየሁም ወደ እንግሊዝ ተወስዶ በ1879 በ18 ዓመቱ ሞተ፤ በዊንዘር ቤተ መንግሥት ተቀበረ። ዐፅሙ ይመለስ ተብሎ የቀረበውን ጥያቄ ቤተ መንግሥቱ በ2023 አልተቀበለውም። ከዐፄ ቴዎድሮስ ራስ የተቆረጠው ፀጉር ግን በ2019 ተመልሶልናል።

ከዚህ በኋላ ያለውን በፍጥነት እንለፈው። በ1941 ጣልያንን ከአገራችን ለማስወጣት ከአርበኞቻችን ጎን ለተዋጉት የእንግሊዝ ወታደሮች የተሰጠው «የአፍሪካ ኮከብ» የሚባለው ነው፤ ኢትዮጵያ ውስጥ የተደረገው አገልግሎትም ይቆጠርበታል። በዚህ ኮከብ ላይ የእንግሊዞቹ ስም አልተጻፈም። የሕንዶቹና የደቡብ አፍሪካዎቹ ግን ተጽፏል። ዓለም እንዲህ ትገለበጣለች።

ከሁሉ በላይ ለእድራችን ቅርብ ሆኖ ያገኘነው ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የሠሩት ነው። ይህ ሜዳይ አይደለም፤ 12 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ክብ የነሐስ ሰሌዳ ነው። በጦርነቱ ለሞተ ለእያንዳንዱ ሰው አንድ እየተሠራ ለቅርብ ዘመዱ ይላክ ነበር። ከ1,300,000 በላይ ተሠርቷል። ሕዝቡ «የሙት ሰው ፔኒ» አለው። በላዩ ላይ የሟቹ ስም በጎላ ፊደል አለ፤ ማዕርጉ ግን ሆን ተብሎ ተትቷል። ኮሎኔልም ይሁን ወጥ ቤት፣ ስሙና የአባቱ ስም ብቻ። ከነዚህም 600 ያህሉ ለሴቶች የተሠሩ ሲሆኑ፣ በዙሪያው ያለው ጽሕፈት «ሞተ» የሚለው «ሞተች» ተብሎ ተቀርጾላቸዋል። ጄን ታውንሼንድ ከተከለከለች ሰባ ዓመት ያህል በኋላ መሆኑ ነው። ለዚያውም በዚያው ጦርነት የተሰጠው የዘመቻ ሜዳይ ለወታደሩ ከብር ሲሠራ፣ ምሽግ ለቆፈሩትና ጭነት ለተሸከሙት ለቻይናና ለማልታ የጉልበት ሠራተኞች ከነሐስ ነበር የተሠራው። ሙሉ ፍርድ ሰጡ ለማለት አንችልም።

በአዲሱ መዝገባችን ላይ የአባቱም የእናቱም ዓምድ ተሰምሯል። የዐሥራ አንዱን እናቶች ስም ፍለጋ ልጆቻቸውን ቤት ለቤት ጠይቀን እስካሁን የስምንቱን አግኝተን ጽፈናል። የሦስቱ ልጆች ከሰፈር ለቀዋል። የት እንዳሉ የሚያውቅ አባል ቢኖር፣ ወይም የእናቶቹን ስም ራሱ የሚያስታውስ ጎረቤት ቢኖር፣ በወሩ መጨረሻ እሑድ መዋጮ ሲከፍል ለጸሐፊያችን ይንገርልን።