የተመልካች አቤቱታና የጣቢያ ፈቃድ

የአየር ሞገድ የሕዝብ ሀብት በመሆኑ፣ ማንም ማሰራጫ ስለተከለ ብቻ እንደ ግል ርስቱ ሊያዝበት አይችልም። በአሜሪካ ይህን መሠረተ ሐሳብ ይዞ የወጣው እ.ኤ.አ. የ1934 የመገናኛ ሕግ የፌዴራል መገናኛ ኮሚሽንን አቋቁሞ፣ ፈቃድ የመስጠት፣ የማደስና የመሰረዝ ሥልጣን ሰጠው። ባለፈቃዱም ጣቢያውን ለሕዝብ ጥቅም እንዲያውል ግዴታ ገባ። ይሁንና ሕጉ ኮሚሽኑ ፕሮግራሞችን ሳንሱር እንዳያደርግ ከልክሎታል። እንግዲህ የጣቢያው ምግባር የሚመዘነው ስርጭቱ ከተላለፈ በኋላ፣ ይልቁንም በየሦስት ዓመቱ ፈቃዱ በሚታደስበት ጊዜ ነበር።

አሠራሩ በወረቀት ላይ መልካም ቢመስልም አንድ ዐቢይ ጉድለት ነበረበት። አቤቱታ ሲቀርብ ኮሚሽኑ ጣቢያውን መልስ እንዲሰጥ ይጠይቃል፤ መልሱም ከአቤቱታው ጋር በመዝገብ ይያያዛል። በእድሳት ክርክር ውስጥ ተከራካሪ ሆኖ ለመቅረብ ግን ገንዘብ ነክ ጉዳት የደረሰበት ተወዳዳሪ ወይም ሞገዱ የተጠለፈበት ጣቢያ መሆን ያስፈልግ ነበር። ስርጭቱ የተዘጋጀለት ተመልካች ከቁጥር አልገባም ነበር።

ይህ ጉድለት ገሃድ የወጣው በሚሲሲፒ ክፍለ ሀገር በጃክሰን ከተማ በሚገኘው በደብልዩ ኤል ቢ ቲ የቴሌቪዥን ጣቢያ ጉዳይ ነው። በ1955 ከዋናው ኔትዎርክ ስለ ዘር ግንኙነት የተላለፈ አንድ ፕሮግራም በመካከሉ ተቋረጠና፣ የመሥመር ብልሽት መድረሱን የሚገልጽ ጽሑፍ በመስኮቱ ላይ ታየ። በ1957 ደግሞ ጣቢያው የዘር መለያየትን የሚደግፍ ፕሮግራም ካስተላለፈ በኋላ ተቃራኒው ወገን እንዲናገር ቢጠየቅ እምቢ አለ። ኮሚሽኑ ጥፋቱን ቢያምንም፣ የተነጣጠሉ አጋጣሚዎች ናቸው በማለት ፈቃዱን አደሰ።

የተባበረው የክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን የመገናኛ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ የነበሩት ቄስ ኤቨሬት ፓርከር አቤቱታ ያለ ማስረጃ ፍሬ እንደማይኖረው ተረዱ። ስለዚህም በመጋቢት 1964 በጎ ፈቃደኞች የጣቢያውን ስርጭት አንድ ሳምንት ሙሉ ተከታትለው እንዲመዘግቡ አደረጉ። በዚሁ መዝገብ ላይ የተመሠረተ አቤቱታ፣ አሮን ሄንሪና ሮበርት ስሚዝ ከተባሉ ሁለት የሚሲሲፒ ጥቁር ዜጎች ጋር ለኮሚሽኑ ቀረበ። ጣቢያው ከሚያዳርሰው ሕዝብ 45 በመቶ ያህሉ ጥቁር ሆኖ ሳለ፣ በስርጭቱ ተገቢውን ቦታ አለማግኘቱንና ሲጠሩም የአክብሮት መጠሪያ የሚነፈጋቸው መሆኑን አቤቱታው ዘረዘረ።

ኮሚሽኑ በ1965 ምስክር ሳይሰማ ለአንድ ዓመት ብቻ ፈቃዱን በቅድመ ሁኔታ አደሰ፤ አቤት ባዮቹንም ተከራካሪ የመሆን መብት የላችሁም አላቸው። እነርሱም ይግባኝ አሉ። የዋሽንግተን ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ዳኛ ዋረን በርገር በ1966 በሰጡት ፍርድ፣ የሕዝብ ጥቅም የሚጠበቅለት ሕዝብ ራሱ ስለ ጥቅሙ ሊናገር ይገባል በሚል ምክንያት፣ ኃላፊነት ያላቸው የአድማጭና የተመልካች ወኪሎች እንዲሰሙ አዘዙ።

ትእዛዙ ቢፈጸምም መንፈሱ አልተፈጸመም። በ1967 ምርመራው ጃክሰን ላይ ሲካሄድ የማስረዳቱ ሸክም በአቤት ባዮቹ ላይ ተጣለ፤ በ1968ም ኮሚሽኑ በአብላጫ ድምፅ ለሦስት ዓመት ፈቃዱን አደሰ። ኮሚሽነር ኬኔት ኮክስና ኮሚሽነር ኒኮላስ ጆንሰን ግን ውሳኔውን ተቃወሙ። ጉዳዩ ዳግመኛ ይግባኝ ሲቀርብበት፣ ፍርድ ቤቱ በሰኔ 1969 ኮሚሽኑ አቤት ባዮችን እንደ አጋር ሳይሆን እንደ ባላጋራ መመልከቱን ነቅፎ፣ እድሳቱን ሰረዘና አዲስ አመልካቾች እንዲጋበዙ አዘዘ። በ1971 ለትርፍ ያልቆመ ድርጅት ጣቢያውን በጊዜያዊነት ተረከበ፤ በተከታዩም ዓመት ዊልያም ዲልዴይ የተባሉ ጥቁር አሜሪካዊ ሥራ አስኪያጅ ሆኑ።

ከዚያ ወዲህ በልዩ ልዩ ከተሞች የሚገኙ የዜጎች ማኅበራት በፈቃድ እድሳት ጊዜ ተቃውሞ ማቅረብን ተለማመዱ፤ ብዙ ጣቢያዎችም ከክርክር ይልቅ ስምምነትን መረጡ። ኋላ ግን ነፋሱ ተለወጠ። የቴሌቪዥን ፈቃድ ዘመን በ1981 ወደ 5 ዓመት፣ በ1996 ሕግ ደግሞ ወደ 8 ዓመት ተራዘመ፤ ጣቢያዎች አከራካሪ ጉዳዮችን ከሁሉም ወገን እንዲያቀርቡ ያስገድድ የነበረውን የሚዛናዊነት መመሪያም ኮሚሽኑ በ1987 ተወው። ፈቃድ የሚመረመርበት ጊዜ በተራራቀ መጠን፣ የተመልካቹም ጥያቄ የሚሰማበት አጋጣሚ ያንኑ ያህል እየሳሳ ሄደ።

ሆኖም በ1966 የተገኘው መብት አልተሻረም። የጃክሰን ታሪክ እንደሚያሳየው፣ ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ሥልጣን አላነሰውም፤ ፈቃድ የመንሳትም ሆነ የመቅጣት ሥልጣን በእጁ ነበረ። የጎደለው ያን ሥልጣን በሥራ ላይ እንዲያውል የሚያስገድደው ባለጉዳይ ነበር። አቤቱታ በመዝገብ መግባቱ ብቻውን ፍትሕ አይሆንም፤ አቤት ባዩ ማስረጃውን ይዞ ሊከራከርበት የሚችል ወንበር ሲያገኝ ብቻ ነው ሕጉ በሥራ ላይ የሚውለው።