ስለ ካንሳስ ሲቲ ሞናርክስ ዝነኛ ተጫዋቾች

በአሜሪካ አገር ቤዝቦል የሚባለው፥ በኳስና በዱላ የሚደረገው ጨዋታ እጅግ የተወደደ ነው። ነገር ግን ከ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ጀምሮ ታላላቆቹ የጨዋታ ማኅበሮች ጥቁር ሰው ከነጭ ጋራ እንዳይሰለፍ በራቸውን ዘግተውበት ነበር፤ ይህም በተጻፈ ሕግ ሳይሆን በልማድ የጸና ነበር። ስለዚህ በ1920 ዓ.ም. (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ካንሳስ ሲቲ በምትባል ከተማ የጥቁር ተጫዋቾች ማኅበር ቆመ። የከተማይቱም ቡድን ሞናርክስ፥ ማለት «ነገሥታት» ተባለ።

ከፊተኞቹ ተጫዋቾች የዊልበር ሮጋን ስም የገነነ ነበረ። ኳስ በመወርወርም ሆነ የተወረወረውን በመምታት እኩል የበረታ ስለ ነበረ፥ ብቻውን የሁለት ሰው ሥራ ይሠራ ነበር። በ1924 ዓ.ም. የሁለቱ የጥቁሮች ማኅበሮች አሸናፊዎች ለመጀመሪያ ጊዜ በታላቅ ውድድር ሲጋጠሙ፥ ሞናርክስ ሂልዴል የሚባለውን ቡድን ድል ያደረጉት በእርሱና በጓደኞቹ ብርታት ነው። ሆኖም ሮጋን በ1967 ዓ.ም. ሞቶ፥ የዝነኞች ስም ወደሚጻፍበት የክብር አዳራሽ የገባው በ1998 ዓ.ም. ነው።

ሳቼል ፔጅም በወርዋሪነቱ አቻ ያልተገኘለት ሰው ነበረ፤ በ1942 ዓ.ም. ሞናርክስ ያንኑ ታላቅ ውድድር ዳግመኛ ሲያሸንፉ ከመካከላቸው ነበረ። በ1948 ዓ.ም. ወደ ክሊቭላንድ ቡድን ሲገባ ግን ዕድሜው 42 ዓመት ሆኖት ነበር፤ የጕልማሳነቱ ኃይል ከተዘጋው በር ውጭ አልፏል።

በሩን የከፈተው በሞናርክስ ዘንድ ጥቂት ጊዜ ብቻ የቆየው ጃኪ ሮቢንሰን ነው። ከእነርሱ ጋራ የተጫወተው በ1945 ዓ.ም. ብቻ ነበረ። የብሩክሊን ቡድን አለቃ ለሞናርክስ አንዳች ካሣ ሳይከፍል ወሰደው፤ በ1947 ዓ.ም. በብሩክሊን ሜዳ ተሰለፈ። ሌሎቹም ተከተሉት፤ ተመልካቹም እነርሱን ተከትሎ ሄደ። እንግዲህ ለተጫዋቹ ደስታ የሆነው ለቡድኑ መድከሚያ ሆነ፤ በ1965 ዓ.ም. ሞናርክስ ተበተኑ።

በክ ኦኒል በ1938 ዓ.ም. ወደ ሞናርክስ ገብቶ፥ በ1948 ዓ.ም. የቡድኑ አሠልጣኝ ሆነ። በ1962 ዓ.ም. ደግሞ የቺካጎ ካብስ ሲቀጥሩት በታላላቆቹ ማኅበሮች የመጀመሪያው ጥቁር አሠልጣኝ እርሱ ነበረ። በ2006 ዓ.ም. የክብር አዳራሹ መራጮች ከጥቁሮቹ ማኅበሮች ዘመን 17 ሰዎች ሲመርጡ እርሱን አለፉት፤ 17ቱም አስቀድመው የሞቱ ነበሩ። ኦኒል ግን ሳይቀየም በበዓሉ ላይ ቆሞ ስለ እነርሱ ተናገረ፤ ሕዝቡንም አዘመረ። ጥቂት ወራት ቆይቶ በ94 ዓመቱ ዐረፈ። የእርሱ ስም የገባው በ2022 ዓ.ም. ነው።

በ2020 ዓ.ም. የጨዋታው አስተዳዳሪዎች የጥቁሮቹን ማኅበሮች ከታላላቆቹ ጋራ ቈጠሯቸው። ፍርዱ መልካም ነው፤ ነገር ግን የሮጋን ጆሮ አልሰማውም፥ የኦኒልም ዓይን አላየውም። ሰው ለሚገባው ሰው ክብርን ሊሰጥ ቢወድ፥ ተቀባዩ በሕይወት ሳለ ይሰጥ ዘንድ ይህ ታሪክ ያስተምራል።