ጎስፔል ሰውን የሚያበረታው ለምንድነው?

ወዳጆቼ፣ የጥቁር አሜሪካውያን ጎስፔል ሲነሳ ብዙዎቻችን ፊት የሚመጣው ካባ የለበሰ ኳየር፣ ጭብጨባና ፊልም ላይ ያየነው ሆታ ነው። ደስ ይላል። እኔ ግን የዚህን ሙዚቃ ታሪክ ባነበብኩ ቁጥር የሚገርመኝ፣ ስንቱን ያጽናኑ መዝሙሮች ልባቸው ከተሰበረ ሰዎች መውጣታቸው ነው። እስቲ ዛሬ የአንዱን መዝሙር መንገድ ላውጋችሁ። (ዘመኑ ሁሉ እ.ኤ.አ. ነው።)

ሥሩ ባርነት ነው። በአሜሪካ ደቡባዊ ግዛቶች፣ ባሪያ ማንበብ እንዳይማር በሕግ የከለከሉ ነበሩ። ታዲያ የመዝሙር መጽሐፍ ማን ይግለጥ? አንዱ ስንኙን ያወጣል፣ ሌላው ይቀበላል። እኛ አውራጅና ተቀባይ የምንለው ዓይነት ማለት ነው። የዚህ አዘማመር ጥበቡ፣ ጉልበት ያጣው ሰው ዝም ቢል እንኳ ዜማው አይቋረጥም፤ ጎረቤቱ ይዞለት ይሄዳል።

ባርነት ካበቃ በኋላ፣ በ1871፣ ናሽቪል የሚገኘው የፊስክ ዩኒቨርሲቲ ገንዘብ ቸገረውና ተማሪዎቹን እየዞሩ እንዲዘምሩ ላካቸው። አብዛኞቹ በባርነት የተወለዱ ናቸው። ባገኙት ገንዘብ ትምህርት ቤቱ ከመዘጋት ዳነ። እነሱም በ1873 እንግሊዝ ተሻግረው በንግሥት ቪክቶሪያ ፊት ዘመሩ።

አሁን ወደ ዋናው ሰውዬ ልምጣ። ቶማስ ዶርሲ በ1899 ጆርጂያ ውስጥ ተወለደ። አባቱ ሰባኪ፣ እናቱ ኦርጋን ተጫዋች። ልጅየው ግን ወደ ዓለሙ አዘነበለና "ጆርጂያ ቶም" ተብሎ የብሉዝ ፒያኖ እየመታ ከዝነኛዋ ማ ሬይኒ ጋር ዞረ። ቺካጎ ላይ መንፈሳዊ መዝሙር መጻፍ ሲጀምር ታዲያ የብሉዙን ምትና እንጉርጉሮ ይዞት መጣ። ትልልቆቹ የጥቁሮች አብያተ ክርስቲያናት ፊት ነሱት። እነሱ የሚፈልጉት ረጋ ያለ፣ የአውሮፓ ወግ ያለው ዝማሬ ነበር። የመጠጥ ቤት ዜማ ይዞ መጣ ተባለ፤ ከስንት ደጅ እንደተባረረ በኋላ እሱ ራሱ ተናግሯል። ከደቡብ ተሰደው ቺካጎ የገቡት ድሆች ግን ድምፁን ወዲያው አወቁት። የአገራቸው ድምፅ ነበር።

ኦገስት 1932። ዶርሲ ነፍሰ ጡር ሚስቱን ኔቲን ቺካጎ ትቶ ለአገልግሎት ወደ ሴንት ሉዊስ ሄደ። እዚያው እያለ ቴሌግራም ደረሰው፤ ኔቲ በወሊድ ሞታለች። ሕፃኑም ብዙ ሳይቆይ ተከተላት። እናትና ልጅን በአንድ ሳጥን ቀበራቸው። ዶርሲ "እግዚአብሔር በደለኝ" አለ፤ ሁሉን ትቶ ወደ ድሮው ሙዚቃ ሊመለስም አሰበ። ከቀናት በኋላ ፒያኖ ፊት ተቀምጦ ጣቶቹን ሲያንቀሳቅስ፣ ዛሬ "ፕሪሸስ ሎርድ" እየተባለ የሚጠራው መዝሙር መጣለት። ዜማው ከቀድሞ መዝሙር የመጣ ነው፤ ቃሉ የራሱ። ልብ በሉ፣ መዝሙሩ "አይዞህ፣ ሁሉም ይስተካከላል" አይልም። የደከመ ሰው፣ መሄድ አቅቶት፣ የሚመራው ሲለምን ነው የምንሰማው። እኔ እንደሚመስለኝ ያዘነ ሰው የሚያምነው ለዚህ ነው። ሐዘኑን አላቃለለበትም።

መዝሙሩን እየዘመሩ ዓለም ካዳረሱት አንዷ ማሃሊያ ጃክሰን ናት። በልጅነቷ እናቷን አጥታ ያደገች፣ ቺካጎ መጥታ በልብስ አጣቢነት የሠራች ሴት። ብሉዝ ዝፈኚ ሲሏት እምቢ አለች፤ ከዶርሲ ጋር እየዞረች መዝሙሮቹን አስተዋወቀች።

ይህ ድምፅ ታዲያ ከቤተ ክርስቲያን ወጥቶ አደባባይም ሠርቷል። ኦገስት 31 ቀን 1962፣ ሚሲሲፒ ውስጥ 18 ጥቁሮች ለመራጭነት ሊመዘገቡ በአውቶቡስ ሄዱ። ሲመለሱ ፖሊስ አስቆማቸው። የሾፌሩ ጥፋት ምን ቢሆን ጥሩ ነው? አውቶቡሱ ከልክ በላይ ቢጫ ነው! ሰዉ በፍርሃት ተጨናንቆ ተቀምጦ ሳለ ፋኒ ሉ ሄመር የምትባል የ44 ዓመት የጥጥ ገበሬ የቤተ ክርስቲያን መዝሙር ማውረድ ጀመረች። ሌሎቹ ተቀበሏት፤ ፍርሃቱ ረገበ። ፖሊሱ እዚያው ነው፤ ቅጣቱም ተከፈለ። ሄመር ያን ዕለት ለ18 ዓመት ከሠራችበት እርሻ ተባረረች። ከትግሉ ግን አልወጣችም።

የዶርሲ መዝሙርስ የት ደረሰ? ኤፕሪል 4 ቀን 1968፣ ሜምፊስ። ለፅዳት ሠራተኞች መብት የመጣው ማርቲን ሉተር ኪንግ ከሆቴሉ በረንዳ ላይ ሆኖ ታች የቆመውን ሳክስፎን ተጫዋች ቤን ብራንችን፣ በማታው ስብሰባ "ፕሪሸስ ሎርድ"ን አሳምረህ ተጫወትልኝ አለው። ወዲያው ጥይቱ መጣ። በቀብሩ ላይ መዝሙሩን ማሃሊያ ዘመረችለት። በ1972 ማሃሊያ ስታርፍ ደግሞ ያንኑ መዝሙር አሬታ ፍራንክሊን ዘመረችላት። ዶርሲ ያኔ በሕይወት ነበር፤ ያረፈው በ1993 ነው። ለራሱ ሐዘን የጻፈው ጸሎት የስንቱን እንባ ሲያብስ አየ።

እስቲ ዛሬ ማታ ማሃሊያ የዘመረችውን ፈልጋችሁ ስሙት። ቀስ ብላ ነው የምትጀምረው፤ አትቸኩሉባት።