ለጀማሪ የቀለለ፣ ለሊቅም ያልጠበበ

«ፓይተን የልጆች ቋንቋ ነው» እያላችሁ ጀማሪውን የምታሸማቅቁ ወዳጆቼ፣ እስቲ ታሪኩን እንየው።

እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ አምስተርዳም ውስጥ ኤቢሲ የሚባል የፕሮግራሚንግ ቋንቋ ተሠራ። ሐሳቡ ባለሙያ ያልሆነ ሰው በቀላሉ እንዲማረው ነበር፤ ለመማርም ቀላል ነበር። ችግሩ የመጣው ተማሪው ሲበረታ ነው። ኮምፒውተሩ ላይ ያለን ፋይል እንደ ልብ መክፈትም ሆነ ለቋንቋው የጎደለውን መጨመር አስቸጋሪ ሆነ።

ኤቢሲ ላይ ከሠሩት አንዱ ጊዶ ቫን ሮሰም ከዚህ ተምሮ በ1991 ፓይተንን አወጣ። የአጻጻፉን ቅለት ከኤቢሲ ወሰደ፤ በሩን ግን ክፍት ተወው። የበረታ ሰው በሲ ቋንቋ የጻፈውን ሳይቀር ይጨምርበታል።

ለእኛ ለጎንደሮች ይህ እንግዳ አይደለም። የንባብ ቤት ልጅ ዳዊትን ፊደል ከመቁጠር ተነሥቶ በግእዝ፣ በውርድ ንባብ፣ በመጨረሻም በቁም ንባብ ይዘልቀዋል። ያንኑ ዳዊት የትርጓሜ መምህሩ «አንድም» እያለ ያራቅቀዋል። ለልጅ ተብሎ የተቆረጠ ዳዊት የለም፤ የሚለያየው ደረጃው ነው።

እናም ዛሬ ፊደል በሚቆጥረው አትሳቁ። መጽሐፉ ከሊቁ ጋር አንድ እስከሆነ ድረስ፣ ነገ እሱም «አንድም» ይላል።